የድህነትን ምክንያት የመረመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ከጂዛን ባሻገር፣ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የምጽዋ ወደብ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ አባቱን በጦርነት ያጣ አንድ ታዳጊ ከዚያ ወደብ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ያ ታዳጊ ኋላ ስለ ሀገር ሀብት ምንጭ በአማርኛ በጥልቀት ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሆነ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ።

ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት በ1889ኙ የመተማ ጦርነት ሕይወታቸው አለፈ። ዘመኑ ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ረኃብ ሀገሩን ያራቆተበት ነበር። በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሰደው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። አውሮፓ ከደረሱ በኋላ አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ ጀርመንኛን ተምረው የሕክምና ትምህርትም ተከታተሉ።

ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ለስደት ተዳረጉ። ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ሀገሪቱ የጻፉት ጽሑፍ በ1912 አሥመራ ላይ ታተመ። ከስደት ሲመለሱ በድሬዳዋ የነጋድራስነት ሹመት ተሰጣቸው። ሹመቱ የንግድና የጉምሩክ ኃላፊነት ነበር። በድሬዳዋ በኩል በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚወጣው ቡናና ቆዳ፣ የሚገባው ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ነበር።

ገብረ ሕይወት የጠየቁት ጥያቄ አጭር ነው፤ ለም መሬት ያለው ሕዝብ ስለ ምን ይደኸያል? ድህነትን ለዕድል ወይም ለእርግማን አልሰጡትም። የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራን የሚያበረታውም ዕውቀትና መሣሪያ መሆኑን አስረዱ። መሣሪያ የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን የእጅ ድካሙን መኪና በጥቂት ጊዜ ከሠራው ዕቃ ጋር ሲለውጥ ንግዱ ባለዕውቀቱን እንደሚያበለጽግ አመለከቱ። ገንዘብም ራሱ ሀብት ሳይሆን የመለዋወጫ መሣሪያ መሆኑን አስተማሩ።

እንዲህ ያለው ምርምር ሳይንስ ሊባል ይገባዋልን? ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። የሚጠራጠሩ ወገኖች፣ የሰው ልጅ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ አይፈተንም፤ ጦርነት፣ ድርቅና የሹማምንት ትእዛዝም ስሌቱን ሁሉ ያፋልሳሉ ይላሉ። ነገር ግን ሕክምናም የእያንዳንዱን በሽተኛ ፍጻሜ አስቀድሞ ማወቅ አይቻለውም፤ ሳይንስነቱ የሕመምን ምክንያት በመመርመሩና መድኃኒቱን በመፈተኑ ነው። ገብረ ሕይወትም የሀገርን ሕመም የመረመሩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ መንገድ በዓረቡ ዓለምም የቆየ ነው። ቱኒስ ተወልዶ በ1406 ካይሮ ላይ ያረፈው ኢብን ኸልዱን፣ በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ፣ የሰው ገቢ ከሥራው እንደሚመነጭ አብራርቶ፣ የመንግሥታትንና የገበያን መነሣትና መውደቅ ከምክንያታቸው ጋር አያይዞ መርምሯል። በምጣኔ ሀብት ሳይንስ ስም የተሰየመው የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ የኖቤል መታሰቢያ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ግን በ1969 ነበር፤ ገብረ ሕይወት ካረፉ ልክ 50 ዓመት በኋላ።

ነጋድራሱ በ1919 ያረፉት ገና በወጣትነታቸው ነበር። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘው ዋና መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1924 አዲስ አበባ ታተመ።

የሳይንስነት ጥያቄ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድህነት ምክንያት ከሌለው መታገሥ እንጂ ሌላ መላ የለውም፤ ምክንያቱ የሚመረመር ከሆነ ግን መፍትሔም ይኖረዋል። በፈይፋ ተራሮች ቡና የሚለቅመው ገበሬ፣ በጂዛንና በሳምጣ ሠርቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው ሠራተኛም የዚህ ጥያቄ ባለቤቶች ናቸው። በገብረ ሕይወት ሚዛን፣ የተላከው ገንዘብ ሀገር የሚያለማው ወደ ሥራ መሣሪያና ወደ ልጆች ትምህርት ሲለወጥ ነው።