ስሙ ኮፍያ ላይ የቀረው ቀለም ቀቢ

አይከል ላይ ቆማችሁ ወደ መተማ የሚያልፈውን አይሱዙ ካያችሁ፣ ያልተጻፈበት ወይ ያልተለጠፈበት ብርቅ ነው። ሹፌሩ መኪናዬ ከሌላው ይለይልኝ ባይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ፍላጎት ወደ ጥበብ ካሳደጉት አንዱ ኬኔት ሃዋርድ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ቮን ደች በሚል ስም ነው።

በ1929 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ተወለደ። አባቱ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠሪ ስለነበሩ ብሩሽ አያያዝን ከቤት ነው የተማረው። በ1950ዎቹ የሎስ አንጀለስ ወጣቶች መኪናቸውን እየነዱ ይመጡለት ጀመር። ቀጫጭን መስመሮችን በእጁ ብቻ ይስባል፣ የእሳት ነበልባል ይስላል። ክንፍ ያላት ዓይን መለያው ሆነች። ደንበኛው ይከፍላል፤ ምን እንደሚሳል የሚወስነው ግን እሱ ነበር። በ1960ዎቹ እነ ፎርድ ማስታንግ ከፋብሪካ ባለ መስመር ሆነው መውጣት ጀመሩ። የሰፈር ጥበብ የነበረው የፋብሪካ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

እሱ ግን ሀብታም አልሆነም። መጨረሻ ላይ ሳንታ ፓውላ በምትባል ከተማ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ይኖር ነበር። ብዙ ይጠጣ ነበር፤ በ1992 በ63 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ ይፋ የሆነ ደብዳቤው ደግሞ ዘረኛ እንደነበር አሳይቷል። እጁን ስናደንቅ ይህንንም መደበቅ የለብንም።

ስሙን ልጆቹ ሸጡት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስሙ የተጻፈበት ኮፍያ የዝነኞች ፋሽን ሆነ፤ ትርፉ ግን የስሙ ባለቤቶች ነው። ገበያ እንዲህ ነው፤ ከብሩሹ ይልቅ ስሙ ያወጣል።

ለመሆኑ ያን አይሱዙ ማን እንደጻፈበት የሚያውቅ አለ? የኛ ጸሐፊዎች ሆይ፣ ጥግ ላይ ስማችሁን አስቀምጡ እንጂ!