ኤሪክ በርጀስ፡ የካርቱምን መዓዛ ለንደን ወስዶ የመለሰው እንግሊዛዊ

ጠርሙሷ ከአንድ ጣት ብዙም አትበልጥም። በላይዋ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከወገቧ በላይ ራቁቷን የሆነች ወጣት ሱዳናዊት ቆማለች። ሽቶው ‘ቢንት አል ሱዳን’ ይባላል፤ የሱዳን ልጅ ማለት ነው። ከኦምዱርማን ገበያ አንስቶ እስከ ሰሜን ናይጄሪያዋ ካኖ ድረስ ብዙዎች ጠርሙሷን ገና ከሩቅ ይለያሉ። ፎቶግራፉን አነሳ የሚባለውን ሰው ስም የሚያውቁት ግን የሽቶ ታሪክ የሚከታተሉ ናቸው።

ኤሪክ በርጀስ ከለንደኑ ደብሊው ጄ ቡሽ ኩባንያ ጋር የሚሠራ ሰው ነበር። በ1851 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ለመጠጥና ለጣፋጭ ማጣፈጫ፣ ለሽቶም የሚሆኑ ዘይቶችን ያዘጋጅ ነበር። በ1920 ገደማ በርጀስ የነበረባት ካርቱም የእንግሊዝና የግብፅ ጣምራ አገዛዝ መቀመጫ ናት። በማህዲ ዘመን ፈርሳ የነበረችው ከተማ በነጭና በጥቁር ዓባይ መገናኛ ላይ ዳግም ተቆርቁራለች፤ ከቀይ ባሕር ወደብ ጋርም በባቡር ተገናኝታለች።

ከሽቶው ጋር አብሮ የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። አሥራ አራት የጎሳ አለቆች በርጀስ ዘንድ ይመጣሉ። ያመጡለትን የመዓዛ ዘይት ለንደን ወስዶ አዲስ ሽቶ እንዲያስቀምምላቸው ይጠይቁታል። እርሱም ይዞ ሄደ፤ የኩባንያው ቀማሚዎች አዋሃዱት፤ ሽቶውም ተመልሶ ካርቱም ገባ። ታሪኩ ለንግድ እንዲመች ትንሽ ሳይስተካከል አልቀረም። መነሻው ግን የሱዳናውያን ምርጫ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።

የሱዳን ሴቶች በሽቶ ቅመማ ረገድ አስተማሪ የሚሹ አልነበሩም። ሰንደል፣ ቅርንፉድ፣ ማህለብና ምስክ ተዋህደው ‘ኹምራ’ የተባለው ሽቶ ይዘጋጃል። ሙሽራ ደግሞ ከተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ተቀምጣ በግራር እንጨት ጭስ ትታጠናለች፤ ‘ዱኻን’ ይሉታል። የወሎን የወይባ ጢስ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የበርጀስ ጠርሙስ የገባችው እንግዲህ ወደዚህ የጠገበ ሙያ መሃል ነው። ጃስሚንን የመሳሰሉ አበቦች የሚገኑባት፣ ከሥር የምስክ ክብደት ያላት ሽቶ ነበረች።

ዋናው ብልሃት ግን አልኮል ያለመኖሩ ነው። የአውሮፓ ሽቶዎች በአልኮል ይሟሟሉ፤ አልኮሉም ገላ ላይ እንዳረፈ ይተንና መዓዛውን ይዞ ይበተናል። ዘይት ግን አይቸኩልም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍባት ካርቱም ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። አልኮልን ለሚጸየፍ ሙስሊም ደግሞ ከሃይማኖቱ ጋር የማያጋጭ ሽቶ ሆነለት። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1983 የኒሜሪ መንግሥት ሸሪዓን አውጆ መጠጡን ሁሉ ዓባይ ውስጥ ሲያስደፋ፣ ይህች ጠርሙስ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረባትም።

ዝነኛው ሻኔል ቁጥር 5 ፓሪስ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1921 ነው። ቢንት አል ሱዳንን የአፍሪካ ሻኔል እያሉ የሚጠሯት አሉ፤ ዕድሜን ከቆጠርን ግን ታላቋ እርሷ ናት። በሱዳን በኩል መካ ሲመላለሱ የኖሩት የምዕራብ አፍሪካ ምዕመናን መንገድም ለእንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ የተመቸ ነበር። በሲራራ ንግድ መስመሮች ላይ ጠርሙሷ እንደ ገንዘብ ታገለግል እንደነበርም ይነገራል።

በመለያው ላይ ያለችው ወጣት ወገቧ ላይ ‘ረሀት’ ታጥቃለች። ረሀት ያላገቡ ልጃገረዶች የሚለብሱት የጠፍር ጉርድ ነበር፤ በሱዳን ሠርግ ሙሽራው ከሙሽሪት ወገብ ላይ ዘለላውን መዝዞ የሚበጥስበት ሥርዓት እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በርጀስ ያነሳው ፎቶግራፍ ይህን የልጃገረድነት ምልክት የንግድ ምልክት አደረገው። ፎቶግራፍ አንሺው ስሙ ቀርቶለታል፤ ለእርሷ የቀረላት መጠሪያ ግን የሽቶው ስም ብቻ ነው። በኋላ በወጡ አንዳንድ መለያዎች ላይ ልብስ ደርበውላታል።

የበርጀስ ኩባንያ በ1966 ከሌሎች ሁለት የእንግሊዝ ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ ቡሽ ቦክ አለን ተባለ። በ2000 ደግሞ አይኤፍኤፍ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የመዓዛና የጣዕም አምራች ጠቀለለው። ካርቱም ውስጥ የተወለደው ቅመም በዚህ መንገድ ከለንደን ወደ ኒውዮርክ ባለቤቶች እጅ ገባ፤ ልጅቷም ከነረሀቷ አብራ ተሻገረች።