ለእንቁራሪት ሱሪ ያለበሰው ካህን

እንጅባራ ያደገ ሰው ላም የሚያስጠቃበት ሁለት መንገድ ያውቃል። አንዱ ኮርማ መፈለግ ነው፤ ሌላው ክዳኑ ሲከፈት ጭስ የሚመስል ነገር የሚወጣበትን ዕቃ ይዞ የሚመጣውን አዳቃይ መጥራት። ልጅ ሆኜ አያቴ በረት ዳር ቆሜ ሳይ አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። በረዶ የሆነ ዘር እንዴት ይነሳል? ዘንድሮ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ጥያቄዋ ትዝ አለችኝና ላዛሮ ስፓላንዛኒን መረጥኩ።

ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1729 በሰሜን ጣሊያን ስካንዲያኖ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቦሎኛ የገባው ሕግ ሊማር ነበር። ወደ ሳይንስ የሳበችው እዚያው ፊዚክስ ታስተምር የነበረች ዘመዱ ላውራ ባሲ ናት። በዚያ ዘመን ሴት ፕሮፌሰር! ኋላ ቀሰሰ፤ ከ1769 ጀምሮም በፓቪያ አስተማረ።

የወንድ ዘር ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ነገሮች እንዳሉ ከ1677 ጀምሮ ታውቋል፤ ሥራቸው ግን አከራካሪ ነበር። ስፓላንዛኒ ለወንድ እንቁራሪቶች ሱሪ አለበሰ። እንቁላሎቹ ሳይፈለፈሉ ቀሩ። ከሱሪው ላይ የሰበሰበውን ፈሳሽ ሲያስነካቸው ግን አደጉ። ቀጥሎ አንዲት ውሻ ለብቻዋ ዘግቶ በሞቀ መርፌ ዘር ሰጣት፤ በ62ኛው ቀን ሦስት ቡችሎች ወለደች። ዘርን በበረዶ አቀዝቅዞም ሞክሯል፤ ስፐርሞቹ ቀጥ አሉ፣ ሲሞቁ እንደገና ተንቀሳቀሱ።

ከሁሉ የገረመኝ ይኼ ነው። ፈሳሹን በወረቀት አጣራው። የተጣራው ኃይሉን አጣ፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ግን እንቁላል አዳቀለ። መልሱ እጁ ላይ ነበር! እሱ ግን ፅንሱ ቀድሞ ተሠርቶ እንቁላሉ ውስጥ ተቀምጧል ብሎ ያምን ስለነበር ስፐርሞቹን ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ቡችሎቹ አባታቸውንም መምሰላቸው እንኳ አላስቀየረውም። እንዲያው በእኛ ሙያ ብናየው ምንጮቹን ሳያነጋግር ርእሱን ጽፎ እንደጨረሰ ሪፖርተር ነው።

በ1799 ፓቪያ ውስጥ አረፈ። በ1824 ፕሬቮና ዱማ ማጣራቱን ደግመው ሠሩና የሚያዳቅለው ስፐርሙ ራሱ መሆኑን ተናገሩ።

ዛሬ ደግሞ ሌላም ይታወቃል። ስፐርም ከዘር ፍሬ ሲወጣ ገና ጥሬ ነው፤ መዋኘትም ሆነ ማዳቀል አይችልም። ከዘር ፍሬው ጀርባ በተጠቀለለ፣ በሰው ላይ ሲዘረጋ 6 ሜትር ገደማ በሚሆን ቀጭን ቱቦ ውስጥ ለቀናት እየተጓዘ ይበስላል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ቆጥቦ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ቦታውም ከቀረው ሰውነት ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስፓላንዛኒ በበረዶ ያስተኛውን ሰውነት ራሱ በመጠኑ ያስተኛዋል ማለት ይቻላል። የአዳቃዩ ዕቃ ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ዘሩ ለብ ባለ ውኃ ይቀልጥና ይነቃል፤ ላሟ ሆድ ውስጥ ግን ዕድሜው አንድ ቀን ገደማ ቢሆን ነው። ሰዓቷ ካለፈ አለፈ።

የአያቴ ላም በዚያን ቀን አልያዘችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮርማ ተፈለገላት።