አንቶኒዮ ሎካቴሊና የቦናያ ሌሊት

በአየር መብረር ስማቸው በዓለም ከታወቀ ሰዎች አንዱ የነበረው ኢጣልያዊው አንቶኒዮ ሎካቴሊ ሕይወቱ ያለፈው በኢትዮጵያ ምድር በወለጋ ነው። የተወለደውም ቤርጋሞ በምትባል ከተማ በ1887 ዓ.ም. ነበር። በፊተኛው የዓለም ጦርነት በራሪ ሆኖ፥ ነሐሴ 3 ቀን 1910 ዓ.ም. ባለቅኔው ዳኑንሲዮ ከመራቸው ጓዶች ጋር እስከ ቪየና ዘልቆ በዚያች ከተማ ላይ ቦምብ ሳይሆን የታተመ ወረቀት በትኖ ተመለሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይሮፕላኑ ተመትቶ ቢማረክም ከእስር አምልጦ ለአገሩ በቃ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የአንዴስን ታላላቅ ተራሮች በአየር ተሻገረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በ1916 ዓ.ም. የደረሰበት ነው። በነሐሴ ወር ወደ ግሪንላንድ ሲበር ጉምና ብርድ አስገድዶት ከባልደረቦቹ ጋር በባሕሩ ላይ አረፈ። የአሜሪካ የጦር መርከቦች ቀንና ሌሊት ፈልገው፥ ሪችመንድ የተባለችው መርከብ ተስፋ በተቆረጠ ጊዜ አግኝታ አወጣቻቸው። የማያውቁት የባዕድ አገር ሰዎች ነፍሱን አተረፉለት።

እንዲህ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ላይ በተነሣው የግፍ ጦርነት በፈቃዱ ዘመተ። ለቪየና ወረቀት የነበረው ለኢትዮጵያ ቦምብና የመርዝ ጢስ ሆነ፤ ድፍረቱ ባይካድም ድፍረቱን ያዋለበት ሥራ ሊመሰገን አይችልም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ቢገባም ምዕራቡ ገና አልተያዘም ነበር። የለቀምት ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከኢጣልያኖች ጋር ተላልከው ስለ ነበር፥ ጄኔራል ማልዮኮ፥ ሎካቴሊና ሌሎችም መኮንኖች በሦስት አይሮፕላን ተሳፍረው ሰኔ 19 ቀን በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ በሚባል ስፍራ አረፉ። ቀድሞ በወለጋ የኖረው ሚሲዮናዊ አባ ቦሬሎም አብሯቸው ነበር። አገሩ የተገዛላቸው መስሏቸው ከአይሮፕላኖቻቸው አጠገብ አደሩ።

ነገር ግን ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች በዚያው አውራጃ ነበሩ። ኢትዮጵያ አይሮፕላን ከሰማይ የሚያወርድ መድፍ እጅግ ጥቂት ስለ ነበራት፥ ጠላት በገዛ ፈቃዱ ወደ መሬት የወረደበት ሌሊት ለእነርሱ ዳግመኛ የማይገኝ ነበረ። በጨለማ ከበው ተኩስ ከፈቱ፤ አይሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። እስከ ሰኔ 20 ቀን ከቦሬሎ በቀር ሁሉም ሞቱ። በሎካቴሊ ላይ በዚህ ጊዜ የምትደርስለት መርከብ አልነበረችም። ኢጣልያኖች ይህን ነገር እስከ ዛሬ እልቂት ይሉታል፤ ነገር ግን የመጡት ያልተሸነፈ አገር ሊረከቡ እንጂ በእንግድነት አልነበረም።

ሮማ ለሟቹ ታላቅ ክብር ሰጠች፤ በሰሜን ኢጣልያ ተራሮች ላይ ያለ የመንገደኞች ማረፊያም በስሙ ተጠራ። በነቀምቴና በአካባቢው ግን የበቀል ቦምብ ወረደ። ወጣቶቹም በሐኪም ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበር ሆነው፥ ምርኮኛን በርኅራኄ መያዝንና ባላገርን አለመበደልን በደንባቸው ጽፈው፥ ኋላም ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተዋጉ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጥተው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን በኋላ ያለ ፍርድ በጥይት ተገደሉ።