ሄንሪ ዳርሲ

በኬንያ ወሰን ላይ በምትገኘው በሞያሌና በአካባቢዋ ውኃ በብርቱ ድካም የሚገኝ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ደረቅ አገር ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው አንድ ጥያቄ ያሳስበዋል፤ ይኸውም ከመሬት በታች ያለው ድንጋይ ውኃን ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም የሚል ነው። ይህ ጉዳይ በግምት መታሰቡ ቀርቶ በቁጥር እንዲለካ መንገዱን የከፈተው ሄንሪ ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር።

ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1803 ዲዦን በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እናቱ ግን ትምህርቱን እንዲቀጥል ስላደረገች ፓሪስ ገብቶ የመንገድና የድልድይ ምሕንድስና ተማረ።

በዚያን ዘመን የዲዦን ሕዝብ የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ የቆሸሸ ነበር። ዳርሲ ሮዝዋር ከተባለው ምንጭ ተነሥቶ 12.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተሸፈነ ቦይ አሠራ። በ1840 ንጹሕ ውኃ ያለ አንዳች መግፊያ መሣሪያ ቁልቁለቱን ተከትሎ ከተማ ገባ። ዳርሲ ለድካሙ የሚገባውን ገንዘብ አልተቀበለም፤ ዕድሜ ልኩን ውኃ በነጻ እንዲያገኝ ግን ተደረገለት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ጤናው ስለ ታወከ ከመሥሪያ ቤት ሥራው ተለየ። ሌላ ሰው ቢሆን ያርፍ ነበር፤ እርሱ ግን ምርምር ጀመረ። በ1855 በዲዦን ሆስፒታል ውስጥ ወርዱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ አቁሞ አሸዋ ሞላበት። ከላይ ውኃ እየለቀቀ በታች የሚወጣውን ከረዳቱ ጋር ይለካ ጀመር። ከአሸዋው በላይና በታች ያለው የግፊት ልዩነት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ውኃም እጥፍ ሆነ። የአሸዋው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግን ውኃው በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ የአሸዋ ዓይነት የራሱ የሆነ የማሳለፍ ቁጥር እንዳለው ተረዳ። ይህን ታላቅ ሕግ በ1856 ስለ ዲዦን የውኃ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ፥ በተጨማሪ ማስታወሻዎች መካከል አኖረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 1858 በሳንባ ምች ሞተ፤ ዕድሜው 54 ዓመት ነበር።

በኋላ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት የድንጋይን አሳላፊነት መለኪያ በስሙ ዳርሲ ብለው ጠሩት። ነዳጅ የሚፈልጉ ባለሙያዎች ከየጉድጓዱ የድንጋይ ናሙና አውጥተው አሳላፊነቱን ይለካሉ፤ ቁጥሩንም በካርታ ላይ አስፍረው እኩል የሆኑትን ነጥቦች በመሥመር ያገናኛሉ። በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለውን ማወቅ ግን ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጉድጓድ ሲሰጥ ጎረቤቱ ሊነፍግ ይችላልና። በአገራችንም በ1973 በኦጋዴን ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል። ጋዙን ከያዙት ድንጋዮች አንዱ በትግራይና በዓባይ ሸለቆ ገደሎች ላይ በዓይን የሚታየው፥ በኦጋዴን ግን በሌሎች ድንጋዮች ሥር ተቀብሮ የሚገኘው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ነው። የዚህም ድንጋይ አሳላፊነት የሚጻፈው በዳርሲ አንድ ሺኛ ነው።