ዶክቶር አክሊሉ ለማና እንዶድ

እንዶድን የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፥ በውሃ ሲታሽም አረፋ ይሰጣል፤ ሳሙና በየገበያው ሳይዳረስ ሸማ ሲነጣ የኖረው በእርሱ ነው። አረፋው ከልብሱ ተለቅልቆ ወንዝ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርስ በሳይንስ መንገድ የመረመሩት ግን ዶክቶር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክቶርነት ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ዕውቀታቸውን ያዋሉት በቢልሃርዝያ ላይ ነው። የዚህ በሽታ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም፤ ከበሽተኛው ወጥቶ ውሃ የገባው ዕንቁላል ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ካልተራባ በቀር ሰውን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህም ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል።

በ1964 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓድዋ ቀንድ አውጦችን ሲያጠኑ፥ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ ወደ ታች ባለው ውሃ የሞቱት በዝተው አገኟቸው። በሕይወት ያሉትን በዕቃ አኑረው ከአጣቢዎቹ አንዷ አረፋ እንድትጨምርበት ለመኑ፤ ቀንድ አውጦቹም ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈ የተማረ ሰው ብዙ ነው፤ ቆሞ አጣቢዋን ያነጋገረ ግን እርሳቸው ናቸው።

በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገውም ሙከራ የበሽታው መጠን በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከብዙ ዓይነት እንዶድ መካከል 44 ቁጥር የተሰጠውን መርጠው አለሙ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ይፋጠናል ተብሎ ቢገመትም አልሆነም። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ሌላውንስ ፍጥረት ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መለኪያ ሆና የምታገለግለው የውሃ ቁንጫ ናት፤ ከስሟ በቀር ከቁንጫ ጋራ ዝምድና የላትም። ከተፈለፈሉ 24 ሰዓት ያልሞላቸው በልዩ ልዩ መጠን በተበረዘ መርዝ ውስጥ 48 ሰዓት ይቆያሉ፥ ግማሾቹ መንቀሳቀስ ያቆሙበትም መጠን ይመዘገባል። የውሃ ቁንጫ ለዓሣ ምግብ ናትና ነገሩ ቀላል አይደለም። እንዶድም ራሱ ዓሣን ይገድላል፤ ይሁን እንጂ በጥቂት ቀን ፈራርሶ ኃይሉ ይጠፋል።

ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ቅር የሚያሰኘው፥ በአፍሪቃ የተሠራው ምርመራ እንደ በቂ ሳይቆጠር ቀርቶ በውጭ አገር ላቦራቶር እንደገና ይረጋገጥ መባሉ ነው። ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ እስኪገኝ ዓመታት አለፉ። አክሊሉ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በ1989 ከዶክቶር ለገሠ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በ1990 የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክቶርነት ሰጣቸው። በዚያ አገር ሐይቆች የተዥጐረጐረ ባለ ዛጎል ፍጥረት የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸግር ነበርና እንዶድ ቢሞከርበት ገደለው፤ የፈጠራውም መብት ለዩኒቨርሲቲው ሆነ። አገሮች በተክሎቻቸው ላይ ባለ ሥልጣን መሆናቸውን የሚያውቀው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት በናይሮቢ ግንቦት 22 ቀን 1992 ሲጸድቅ፥ እንዶድ በኬንያም የሚበቅል ተክል ስለ ሆነ ነገሩ ለጎረቤቶቻችንም ባዕድ አልነበረም።

አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ዛሬ ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው፤ ክኒኑ በሰው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፥ በወንዙ ያለው ቀንድ አውጣ ግን እንዳለ ነው።