ተራራን በፈላ ውሃ የለካው አንትዋን ዳባዲ

የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ በአርባ ምንጭ በኩል አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በዚያ በቈላው፥ ከባሕር በላይ በ1,300 ሜትር ያህል ላይ፥ የተጣደ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በደጋው በጨንቻ ግን፥ በ2,700 ሜትር ያህል ላይ፥ 91 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይፈላል። ስለዚህ በጨንቻ ውሃው ቶሎ ቢፈላም የባቄላው ንፍሮ ዘግይቶ ይበስላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አየር ባይታይም ክብደት አለው፤ ከበታቹ ያለውንም ሁሉ ይጫናል። ይህ ጫና የአየር ግፊት ይባላል። ወደ ተራራ የወጣ ሰው ከአየሩ ከፊሉን ከእግሩ በታች ትቶት ይሄዳልና ጫናው ይቀልለታል። ውሃም የሚፈላው እንፋሎቱ የአየሩን ጫና ሲያሸንፍ ነው፤ ጫናው ባነሰበት ስፍራ ጥቂት ሙቀት ይበቃዋል።

ይህን ዕውቀት ይዞ የኢትዮጵያን ተራሮች የለካ አንትዋን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1810 ዓመት በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ ተወለደ። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋራ በምጽዋ ወደብ ገባ፤ በኢትዮጵያም እስከ 1848 ድረስ፥ ጥቂት ጊዜ ከመውጣቱ በቀር፥ ተቀመጠ።

የአየርን ግፊት የሚለካው መሣሪያ ሜርኩሪ የተሞላ ረጅም የመስታወት ቧንቧ ነበረ። ይህም በበቅሎ ተጭኖ ገደል ሲወርድና ሲወጣ በቀላሉ ይሰበራል። ዳባዲ ግን ውሃ አፍልቶ የእንፋሎቱን ሙቀት በቴርሞሜትር ያነብብ ነበረ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ዲግሪ የተሳሳተ ሰው ተራራውን በ300 ሜትር ያህል ያሳንሰዋል ወይም ያስረዝመዋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የዲግሪን ጥቂት ክፍል እንኳ የሚለይ መሆን ነበረበት፤ የሚያነብበውም ሰው ችኵል ሊሆን አይገባም።

በ1843 እስከ ከፋ ድረስ ሄደ። አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ግን ከፋን አላየም ብሎ ተከራከረው። መድረሱስ እውነት ነበረ፤ ዳባዲ የተሳሳተው በሌላ ነገር ነው። የጊቤን ውሃ የነጭ ዓባይ ምንጭ መሰለው፤ ለዚህም አሳብ ብዙ ተሟገተ። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ ገብቶ ከጋሞ አገር በስተ ምዕራብ እየወረደ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። የፈላ ውሃ የስፍራን ከፍታ ይነግራል እንጂ ወንዙ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርም፤ ይህን ለማወቅ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ያስፈልግ ነበረ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የለካውን ሁሉ ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በመጽሐፍ አሳተመ። በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የሰበሰባቸው ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። በ1897 ሞተ። በአንዳይ ከተማ አጠገብ ያሠራው ትልቅ ቤት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ተሰጠ፤ በቤቱም ግድግዳ ላይ ያስጻፈው የኢትዮጵያ ፊደል እስከ ዛሬ ይነበባል።